መሰኪያው ኪስ ውስጥ ሳለ

«አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ የማትነሺ፣ ሰላም ሲሉሽ አፍሽን የምትለጉሚ፣ ለመሆኑ ማን ነው ያሳደገሽ?»

ይህን ያሉኝ አያ ፈንታ ናቸው። ክንዴን ጨብጠው ይዘው፣ ሰልጣኞቼ ሁሉ እየሰሙ። መልስ ለመስጠት ጊዜ አልነበረኝም፤ ለምን እንዳልነበረኝ በኋላ እደርስበታለሁ። አሁን ሥራውን ለቅቄ ደባርቅ ተቀምጫለሁ፤ ጊዜ ሞልቶኛል። ማን እንዳሳደገኝ ልናገር።

እናቴ ናት ያሳደገችኝ፣ እዚሁ ደባርቅ። ሰው ሲገባ ከመቀመጫ መነሳትን፣ እጅ የቆሸሸ እንደሆነ ክንድ መስጠትን፣ በሰው ደጅ ሰላም ሳይሉ አለማለፍን ከእሷ ተምሬአለሁ። ከእሷ ቀጥሎ ያሳደጉኝ ደግሞ አያ መርሻ ናቸው። እሳቸው ሰላም አለማለትን አስተማሩኝ።

ሥራዬ ጎንደር ላይ መካኒኮችን ማሰልጠን ነበር፤ ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና እንዲጠግኑ። ሃይብሪድ ቤንዚንም ትልቅ ባትሪም ያለው ነው፤ የኤሌክትሪኩ ባትሪ ብቻ። «የሥራ ትዝታ ለመጻፍ ገና ልጅ ነሽ» ያለችኝ እህቴ ናት። ልጅ ነኝ። ግን የለቀቅሁትን ሙያ ለቅቄዋለሁ፤ እስክሸብት ብጠብቅ ደግሞ እረሳዋለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አልመጣልኝም። አላለቀስሁም። ቤት መቀመጥ ነው የማልችለው። ጎንደር ወረድሁ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ አጭር ኮርስ ወሰድሁና አዘዞ ጋሽ ዘውዱ ጋራዥ ገባሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ እሳቸው ናቸው። ገና ከበር ሲያዩኝ ያሉኝን አልረሳም።

«ያመጣሽ ሥራ ነው ወይስ ባል ፍለጋ?»

«ባል ብፈልግ ግራሶ በግራሶ የሆነ ሰው መሃል እመጣለሁ?» አልኋቸው።

ሳቁና መፍቻ ወረወሩልኝ። ደመወዙ ለቤት ኪራይ በቅቶ ለሌላው የማይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ይኸው ይበቃል።

ጋሽ ዘውዱ ጋራዥ ባትሪ የሚመረመረው በብልጭታ ነው። ሽቦውን ከባትሪው አንስቶ የመኪናው ቦዲ ላይ ጫር ማድረግ። ብልጭታው ወፍራም ከሆነ ባትሪው ደህና ነው፣ ቀጭን ከሆነ ቻርጅ ይፈልጋል። ሜትር መሳቢያ ውስጥ አለ፤ አቧራ ጠጥቶ። «ዓይን እያለ ሜትር ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እኔም በብልጭታ ተማርሁ። በተራው መኪና ባትሪ ብልጭታ ማንንም አይገድልም።

አንድ ቀን አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሃይብሪድ መኪናውን ይዞ መጣ። አያ መርሻ ከጎኑ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤቱ ናቸው። ያኔ አላውቃቸውም። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ገብታ ቆመች። ጋሽ ዘውዱ ኮፈኗን ከፍተው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይች ማኪና ሞታ ነው ተኝታ?»

«ነቅታ ነው» አሉ አያ መርሻ።

ጋሽ ዘውዱ ያው እንደለመዱት ሽቦ አነሱና ወፍራሙን ብርቱካናማ ገመድ ሊነኩ ጎንበስ አሉ። አያ መርሻ አልጮሁም። ቀስ ብለው፣ «አቶ ዘውዱ፣ እጅዎን የሚወዱት ከሆነ ይመልሱት» አሉ።

ጋራዡ ሁሉ ቆመ። ጋሽ ዘውዱ እጃቸውን መለሱ፤ እስከ ዛሬም ይወዱታል። እኔ ግን ያን ቀን ከመኪናዋ ጋር አብሬ ለመሄድ ምንም አልቀረኝም። ሳምንት ሳይሞላ አያ መርሻ የሚያስተምሩበትን ማሰልጠኛ ጠይቄ አገኘሁትና ተመዘገብሁ። ጋሽ ዘውዱ «ባል አገኘሽ?» አሉኝ ስሰናበታቸው። «ባትሪ አገኘሁ» አልኋቸው።

አያ መርሻ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የመብራት መስመር ዘርጊ ነበሩ፤ ምሰሶ ላይ ነው ያረጁት። ቀጭን ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው የማይሰማቸው፣ ዝም ሲሉ ግን ሁሉም የሚያያቸው ዓይነት ሰው። ከፍተኛ ኃይል ያለው ባትሪ ከመንካታቸው በፊት የሚያደርጉትን ሳይቸኩሉ ያደርጋሉ። ትልቁን የጎማ ጓንት ከአፉ ጠቅልለው አየር ያስገቡበታል፤ ጣቶቹ ያብጣሉ። ከዚያ ጉንጫቸው ላይ አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ሽንቁር እንኳ ብትኖር ጉንጭ ላይ ትተነፍሳለች።

«ምን ይሰማዎታል?» አልኋቸው መጀመሪያ ሰሞን።

«ምንም። ምንም ካልተሰማኝ ሸጋ ነው።»

ሜትሩን መጀመሪያ ደህና መሆኑ በሚታወቅ ባትሪ ላይ ይሞክሩታል። ከዚያ መኪናው ላይ። ከዚያ ተመልሰው እንደገና በሚታወቀው ባትሪ ላይ። እኔ ችኩል ነኝ፤ ሦስተኛውን ለመዝለል እጄ ይበላኛል።

«መኪናው ባዶ ነኝ ሲልሽ ሜትሩ መሃል ላይ ሞቶስ እንደሆነ?» አሉኝ። «የሞተ ምስክር ይዘሽ ፍርድ ቤት ትሄጃለሽ?»

ቀለበት፣ ሰዓት፣ የአንገት ሐብል ይወልቃል። መጀመሪያ ሰሞን ስለ መስቀል ክርክር ተነሣ፤ «እኔ ማተቤን አልበጥስም» ያለ ሰልጣኝ ነበር። አያ መርሻ ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርገው የራሳቸውን አሳዩት፤ ጥቁር ክር፣ ትንሽ የእንጨት መስቀል። «ማን በጥስ አለህ? ብረቱን በእንጨት ለውጠው» አሉት። በዚያው አለቀ።

አሁን ዋናው ነገር። በእነዚህ መኪኖች ባትሪ ላይ እጀታ ያለው መሰኪያ አለ። እሱ ሲነቀል ባትሪው መሃል ለመሃል ለሁለት ይከፈላል፤ ጉልበቱም ይከፈላል። ባይሞትም ይደክማል። መሰኪያውን የነቀለው ሰው ደረት ኪሱ ውስጥ ይከተዋል፤ ሌላ ሰው አይይዘውም፣ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ባትሪውን የሚከፍተው አንድ ሰው ነው። ሌላ አንድ ሰው ደግሞ የእንጨት መንጠቆ ይዞ ከጀርባው ይቆማል፤ ሥራው ማየት ብቻ ነው፣ ኤሌክትሪክ ከያዘው ጎትቶ ሊያላቅቀው። የቀረው ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ ከተወጠረው ቢጫ ገመድ ውጭ ነው።

አያ መርሻ መሰኪያው ኪሳቸው ውስጥ ሳለ ለማንም ሰላም አይሉም ነበር። ለማንም። የማሰልጠኛው ኃላፊ አንድ ቀን እንግዶች አስከትሎ ገባና እጁን ዘረጋላቸው። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። አያ መርሻ ቀና እንኳ አላሉም። ኃላፊው ፊቱ ቀላ፤ እንግዶቹ ጣሪያውን አዩ።

በኋላ «ምነው አያ መርሻ፣ ራስዎን ቢነቀንቁላቸው እንኳ?» አልኋቸው።

«ሰላም ስትይ እጅሽን ትሰጫለሽ። እጅሽን ስትሰጪ ዓይንሽን ትሰጫለሽ። ስትመለሽ የቱ ጋ እንደነበርሽ ታጫለሽ።»

«ቅር ቢላቸውስ?»

«ጨርሼ እስማቸዋለሁ።»

አደረጉትም። ባትሪው ተከድኖ መሰኪያው ቦታው ሲገባ እጃቸውን ይታጠቡና ሰላም ያሏቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ፈልገው ያገኛሉ፤ ቢሮ ይሁን፣ ሻይ ቤት ይሁን፣ በር ላይ ጥበቃው ጋ ይሁን። ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ፤ ሚስት፣ ልጅ፣ ከብት፣ ዝናብ ሁሉ ይጠየቃል። ያን ቀን ኃላፊውን ቢሮው ድረስ ሄደው ሲስሙት በመስኮት አይቻለሁ። ስለዚህ ማንም አልተቀየማቸውም።

እሳቸው ማሰልጠኛውን ከለቀቁ በኋላ እኔም ሞከርሁት። ሽማግሌ ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ሲስም ደግ ሰው ይባላል። ወጣት ሴት ስታደርገው ሌላ ስም ያወጡላታል፤ አወጡልኝም። ተውሁት። የመጀመሪያው ግማሽ፣ ሰላም የማይባልበቱ፣ ብቻውን ቀረልኝ።

አሰልጣኝ የሆንሁት በአንድ የደባርቅ ሾፌር ምክንያት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ይነዳል፤ መኪናዋ የነጋዴ ናት። ማሰልጠኛው ድረስ ይዟት መጥቶ፣ «ደብሬ፣ ይች መኪና ከዳችኝ» አለኝ።

«እንዴት ነው መኪና የሚከዳው?»

«ከዳባት ወደ ጎንደር ቁልቁል ስመጣ እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ትይዝልኛለች። ፍሬን አያሻኝም። ሊማሊሞን ስወርድ ግን ትለቀኛለች! ጭራሽ እንደማታውቀኝ! ነፍሴን ይዤ ነው የምወርደው።»

ፍሬን ሸራው ሁለቴ ተቀይሯል። ኮምፒውተሩ ላይ ስህተት የለም። አብሬው ልሂድ አልሁ፤ ኃላፊው «ለአንዲት መኪና?» አለ፤ ሄድሁ። ደባርቅ አደርን፤ ሾፌሩ እንደልማዱ መኪናዋን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ተኛ። ጧት ሊማሊሞ አፍ ላይ ስንደርስ ገባኝ። ከታች ገደሉ ጭጋግ ሞልቶታል፤ እኔ ዓይኔ ከባትሪው መለኪያ ላይ አልተነቀለም። ሙሉ ነው።

«አቁም» አልሁት።

«እዚህ ላይ? ምን አየሽ?»

«ይች መኪና ቁልቁለት ላይ የምትይዝህ ጉልበቱን ወደ ባትሪው እየመለሰች ነው። አንተ ደግሞ ሌሊቱን እስከ አንገቷ ሞልተህ ከቤትህ ደጅ በቀጥታ ገደል ትወርዳለህ። የሞላ እንስራ ላይ ውሃ ብትጨምር የት ይገባል? የምትመልስበት ቦታ ስታጣ ትለቅሃለች።»

መሪውን ለቅቆ ወደ እኔ ዞረ።

«እና እኔ ጸበል ላስረጫት ነበር እኮ!»

«አስረጫት፤ አይከፋም። ግን ደባርቅ ስታድር አትሙላት።»

ከታች ስንመለስ ሾፌሩ ዘፈን ከፈተ። እኔ ለአንድ ሰው ልናገር ፈለግሁና ማን እንደሆነ አጣሁ። አያ መርሻ ዘንድ ደወልሁ። ጨርሰው ሰሙኝ። «ይኸ እኛ ያለን መጽሐፍ ላይ የለም» አሉ። «መጽሐፉን የጻፈው ሰው ሊማሊሞን አያውቅማ። አንች አስተምሪው።» ወዲያው ለኃላፊው ነግረው ከጎናቸው አሰልጣኝ አስደረጉኝ።

አብረን የሠራነው ረጅም አልነበረም። ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው፤ ሴት ልጃቸው መጥታ ባሕር ዳር ወሰደቻቸው። ሲሄዱ መንጠቆውን ሰጡኝ። የፕላስቲኩ ይገዛል ይገዛል እየተባለ ስለቀረ ከደረቅ እንጨት ራሳቸው የጠረቡት ነው፤ እጀታው በእጃቸው ልክ ተፍቋል።

«ይኸን የሚይዝልሽ ሰው ፈልጊ» አሉኝ።

ሁለተኛ አሰልጣኝ ጠየቅሁ። «ይታሰብበታል» ተባለ። አሁንም እየታሰበበት ነው መሰለኝ። ሰልጣኝ ባትሪ ሲከፍት መንጠቆውን ይዤ ከጀርባው የምቆመው እኔ ነኝ። ሰልጣኞቹ ከሄዱ በኋላ ለነገ ትምህርት ባትሪ ማዘጋጀት ሲኖርብኝ ግን መንጠቆውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ብቻዬን እከፍታለሁ። ዞር እያልሁ አየዋለሁ። እንጨት ቆሞ ሰው የሚመስልበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ደሳለኝ መጣ። የአይከል ልጅ ነው፤ አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት አጎቱ አያ ፈንታ አሳደጉት። የመኪና ዲፕሎማ አለው። እጁ ጎበዝ ነው፤ ችግሩ ጨዋነቱ ነበር። ይህ ልጅ ሰላም ሳይል በድንጋይ አጠገብ አያልፍም። «እንዴት አደርሽ ቲቸር፣ ደህና ነሽ፣ ሰላም ነሽ፣ ቤት ደህና፣ እንዴት ነሽ ታዲያ» ብሎ ሳይጨርስ ሌላ ሰው ይገባል፤ እንደገና ይጀምራል። ጓደኞቹ «ደሳለኝ ሰላምታ ሲጨርስ ባትሪው በራሱ ያልቃል» ይሉታል።

የመሰኪያውን ሕግ ስነግራቸው እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ አጎቴ ቢመጣስ?»

«አጎትህም ቢሆን።»

«ጳጳሱ ቢመጡስ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ከቢጫው ገመድ ውጭ ሆነው ይባርኩሃል።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ደሳለኝ ግን አልሳቀም፤ ነገሩ እንደከበደው ፊቱ ላይ ይታያል።

ያን ቀን የአንድ ሃይብሪድ ባትሪ ከኋላ ወንበሩ ሥር ወጥቶ ጎማ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል። ከፋቹ ደሳለኝ ነው፤ መሰኪያው ደረት ኪሱ ውስጥ። እኔ መንጠቆውን ይዤ ከጀርባው ቆሜአለሁ። አያ ፈንታ ለሕክምና ጎንደር መጥተው ኖሮ ልጃቸውን ሊያዩ ገቡ። ነጭ ጋቢ፣ ረጅም በትር፣ የሚያምር ሽበት።

«እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ!»

ከገመዱ ውጭ የተቀመጡት ሰልጣኞች ሁሉ ብድግ አሉ። እኔ አልዞርሁም። ደሳለኝ ግን የአጎቱን ድምፅ ሲሰማ የሆነውን ራሱም አያውቀውም። ጓንቱን አወለቀ፤ ጓንት ለብሶ እንዴት ሰላም ይላል? ገመዱን ተሻግሮ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ሲጎነበስ መሰኪያው ከኪሱ ወደቀ። አንዱ ጓደኛው አነሳውና እንዳይጠፋ ብሎ፣ ለደግነት፣ ቦታው ላይ ባትሪው ላይ ሰካው።

«ተው! ንቀለው!» አልሁ፤ ጓደኛው እኔን ትቶ አያ ፈንታን ሰላም ሊል ሄደ። ትልቅ ሰው ቆሞ እኔን ማን ይሰማል?

«በል ሥራህን ሥራ ልጄ» አሉት አያ ፈንታ። «እኔም ልይህ፣ ለእናትህ እነግራታለሁ።»

ደሳለኝ ደስ ብሎት፣ አጎቱ እያዩት፣ በባዶ እጁ ወደ ባትሪው ተመለሰ።

«ቁም! አትንካ!» ብዬ ጮህሁና ዘልዬ ልይዘው ስል ተከትለውት ገመዱን የተሻገሩት አያ ፈንታ ክንዴን ያዙኝ። ትልቅ ሰው ባለበት ልጃቸው ላይ ስጮህ ነው ያዩት። ሌላ ምን ሊያዩ ይችላሉ? «ማን ነው ያሳደገሽ?» ያሉኝ ያኔ ነው። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ደሳለኝን ኤሌክትሪክ ያዘው።

የያዘው ሰው አይጮህም። የጥርሱ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ክንዴን አላቀቅሁ፤ መንጠቆውን ወገቡ ላይ አግብቼ በሙሉ ክብደቴ ወደ ኋላ ወደቅሁ። አብረን ጎማው ላይ ወደቅን። የተቃጠለ ሥጋ ሸተተን። አያ ፈንታ በትራቸው ከእጃቸው ወድቆ «ልጄ፣ ልጄ» ይላሉ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ተረፈ። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ግን እንደተዘረጉ ቀሩ።

ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአያ ፈንታ ጋር ተቀምጠን ቆየን። በመጨረሻ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ሰላም ባልለው ኖሮ?» አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን የእግዜር ሥራ ነው ብሎ ያጽናናቸው ነበር። እኔ መዋሸት አልችልበትም።

«ከገመዱ ውጭ ሆነው ጠብቀውት ቢሆን ደህና ነበር» አልሁ።

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሰልጣኞቹ ጸጥ አሉ። ባትሪ ተከፈተም አልተከፈተ ሰላም የሚለኝ ጠፋ። ጧት ስገባ ዝም፤ ስወጣ ዝም። ሕጉን ያከብሩ፣ እኔን ይሽሹ፣ መለየት አቃተኝ። ጥቂቶቹ ጭራሽ ቀሩ። ሕጉ ደግሞ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ቀበሌ አሥራ ስምንት በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው፤ አንድ ማታ የቤት አከራዬ በሬ ላይ ቆመው፣ «ደብሬ፣ ዛሬ ጧት እንዴት አደርሽ ብልሽ ጥለሽኝ ሄድሽ እኮ፤ ምን በደልሁሽ?» አሉኝ። አላየኋቸውም ነበር። በእውነት አላየኋቸውም። ሻይ ቤት ስገባ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ እኔም ቀድሜ አዞራለሁ። እሑድ ሙሉ ቀን ድምፄን ሳልሰማ የምውልበት ጊዜ ነበር። አያ መርሻ ዘንድ ልደውል ስልኩን አነሳና ምን ብዬ እጀምራለሁ እላለሁ። ሰላም ብሎ መጀመር ከበደኝ።

ደሳለኝ እጁ ከፋሻ ሲወጣ ተመልሶ መጣ።

«ምነው መጣህ?» አልሁት።

«አልጨረስሁማ።»

ትንንሽ ብሎን በቀኙ መያዝ ስለማይችል በግራው ተማረ። አብሬው ተቀምጬ አለማመድሁት። የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው፤ ከበፊቱ ግን ይሻላል፤ ሜትሩን ሦስቴ ሲሞክር ሦስተኛውን እንደ መጀመሪያው ነው የሚያደርገው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሆነ ሰው ጎርፍ የገባበት የኤሌክትሪክ መኪና አስጎትቶ አመጣ። ባትሪው ውስጥ ውሃ ይኑር አይኑር ማወቅ ነበረብን፤ እንዲህ ያለውን ለሰልጣኝ አልሰጥም። ሁሉንም ከገመዱ አስወጣሁ። ጓንቴን ነፍቼ ጉንጬ ላይ አዳመጥሁ። መሰኪያውን ነቀልሁ፣ ኪሴ ከተትሁ፣ እጄን ሰደድሁ። ከጀርባዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ልቆጣ ዞር ስል ደሳለኝ ነው፤ መንጠቆውን ከግድግዳው አንስቶ፣ በሦስት ጣትና በግራ እጁ አጥብቆ ይዞ፣ ዓይኑን እጆቼ ላይ ተክሎ ቆሟል። ሰላም አላለኝም። አያ መርሻ ከሄዱ ወዲህ ከጀርባዬ ሰው ሲቆም የመጀመሪያው ነበር። ባትሪው ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ስጨርስ መሰኪያውን ወደ ቦታው መለስሁ።

ከዚያ አዲስ መመሪያ መጣ። ኃላፊው አስጠራኝ።

«አሰልጣኝ ለመሆን ቢያንስ ዲፕሎማ ይላል፤ የአንቺ አጭር ኮርስ ነው። ረዳት ሆነሽ መቀጠል ትችያለሽ።»

«የማን ረዳት?»

«የሚመደበው ሰው።»

«ደሳለኝን መድቡት» አልሁ። «ዲፕሎማ አለው።»

«እሱ ይስማማል? እጁስ?»

«በእጁ ስላየው ነው የሚሻለው።»

መደቡት። ረዳት ሆኜ አልቀረሁም፤ በራሴ ክፍል ጥግ ላይ የምቆም ሰው አይደለሁም። የእህቴ ባል ደባርቅ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእህል ወፍጮ ከፍቶ ሞተሩን የሚያውቅ ሰው ይፈልግ ነበር። እሺ አልሁት።

ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ደሳለኝ ደሳለኝ ነው። ለእኔ የከበደኝ ሰውን ዝም ማለት ለእሱ ሞት ነው። እኔ ስሄድ አንድ ሽማግሌ በበሩ ይገባል፤ ደሳለኝ ብድግ ይላል፤ ወይም ደሳለኝን ያየ ሰልጣኝ ብድግ ይላል። ቀጥሎ መንጠቆው አይደርስ ይሆናል። የመጨረሻውን ሳምንት ይህንኑ እየነገርሁት ሰነበትሁ። «እሺ ቲቸር» ይለኛል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ እንደ ሁልጊዜው በትሕትና። ያ ትሕትናው ነው የሚያስፈራኝ።

የምሄድበት ቀን ጧት ቦርሳዬን አንግቤ ልሰናበት ማሰልጠኛው ገባሁ። የደባርቁ አውቶቡስ ሲሞላ ነው የሚነሳው፤ ከመናኸሪያ ትኬቴን ይዤ መጥቻለሁ።

ቢጫው ገመድ ተዘርግቷል። ባትሪው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ደሳለኝ ጓንት ለብሶ አጎንብሷል፤ ደረት ኪሱ በመሰኪያው አብጧል። ከጀርባው አንዲት አዲስ ሰልጣኝ የአያ መርሻን መንጠቆ ይዛ ቆማለች።

ከገመዱ ውጭ፣ በሩ አጠገብ፣ ዱካ ላይ አያ ፈንታ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ለብሰው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። ዓይናቸው የልጃቸው እጅ ላይ ነው። መቼ እንደመጡ አላውቅም፤ እግራቸው ሥር ያለው የብርጭቆ ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

ቆምሁ። ደሳለኝ የእግሬን ኮቴ ሰምቷል፤ ያውቀዋል። ቀና አላለም። ልጅቷም አልዞረችም።

አያ ፈንታ ግን አዩኝ። አፋቸውን አልከፈቱም። በትራቸውን ተመርኩዘው ከዱካው ተነሱልኝ። በእጃቸው ዱካውን አሳዩኝ፣ ተቀመጪና እስኪጨርስ ጠብቂው ማለታቸው ነው።

ቦርሳዬን አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቀመጡም።

ደሳለኝ አንዲት ብሎን ፈታ፤ ጎማው ላይ አስቀመጣት፤ ሜትሩን አነሳ።

ለአያ ፈንታ እጅ ነሣሁና ወጣሁ።